የ2013ቱ ዋንጫ ከድሮዎቹ እኩል ይቆጠራል ወይ?

አራፊ ቡድን፦
ሰላም ጎበዝ። ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ሦስት ቀን የፈጀ ክርክር ይዘናልና ገላግሉን። እኔ ፋሲል ከነማ በ2013 ያነሳው የመጀመሪያ የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫው ከማንም አያንስም ባይ ነኝ። እሱ ደግሞ ያን ዓመት በኮቪድ ምክንያት ክለቦቹ በየሜዳቸው መጫወት ስለቀረ «ሁሉም አንድ ከተማ ተሰብስበው ከተጫወቱ ሊግ ሳይሆን ቱርናመንት ነው» ይላል። ኳሱን መከታተል የጀመርኩት ሱፐርስፖርት ማስተላለፍ ሲጀምር ስለሆነ «አንተ የድሮውን የት ታውቃለህ» እያለ አፌን ያሲዘኛል። ምን ልበለው?

የካታንጋው፦
ባልደረባህ ግማሽ እውነት አለው። የድሮው ሊግ ግማሹ መንገድ ነበር። ቡድኑ ሌሊት ተነስቶ በአውቶቡስ ሲንገላታ ይውላል፣ ደርሶ ገና ሳያርፍ ያ ሁሉ ደጋፊ እየጮኸበት ይጫወታል፣ ከዚያ በአቻ ከተመለሰ ተመስገን ነው። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ገና ከታች ባደገበት ዓመት እንዲህ ተጉዞ ነው ከጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በግብ ክፍያ ዋንጫውን የወሰደው። ግን የባለሜዳነትን ሌላ ገጽ አንርሳ። ድንጋይ ሲወረወር፣ ዳኛ በፖሊስ ታጅቦ ሲወጣ፣ ጨዋታ ሲቋረጥ በዓይኔ አይቻለሁ። «ከሜዳ ውጪ ማሸነፍ» ስንል የነበረው አንዳንዴ በሰላም መመለስን ጨምሮ ነው።

ቡናማው፦
የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ሆኜ ለፋሲል መከራከሬ ያመኛል፣ ሁለተኛ የወጣነው እኛ ነንና። ግን እስቲ ያን ዓመት አቡበከር ናስርን አስቡት። 29 ግብ! ጌታነህ ከበደ በ2009 በደደቢት ማሊያ 25 ሲያገባ ሊጉ 16 ቡድን ነበረው፣ 30 ጨዋታ ማለት ነው። በ2013 የትግራይ ክለቦች በጦርነቱ ምክንያት ስላልነበሩ 13 ቡድን ብቻ ቀረ፣ አንድ ቡድን የሚጫወተው 24 ጨዋታ። የአቡኪን ሪከርድ «የቱርናመንት ግብ ነው» ያለ ሰው እስካሁን አልሰማሁም። ግቡ ከተቆጠረ ዋንጫውም ይቆጠራል፣ አለቀ።

የአፄዎቹ ልጅ፦
ሊጉ የተዘዋወረው አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ነው። የፋሲልን ከተማ ጎንደርን ከዝርዝሩ ፈልጉልኝ እስቲ። የለችም! በ2011 ዋንጫው በመጨረሻው ቀን ከእጃችን አምልጦ መቐለ 70 እንደርታ ወሰደው፣ በቀጣዩ ዓመት ሊጉ በኮቪድ ተሰረዘ፣ ከዚያ በሦስተኛው አንድም ጨዋታ በሜዳችን ሳናደርግ ሻምፒዮን ሆንን። እንዲያውም ዓመቱን ሙሉ ከሜዳ ውጪ ተጫወትን ብትሉ ይቀላል። እኔ የማየው ጎረቤት ቤት ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ሰውዬ ጨዋታውን በሬዲዮ ስለሚሰማ ከእኛ ቀድሞ ነው የሚጮኸው፣ እኛ ቴሌቪዥን ላይ ኳሱ ገና መሐል ሜዳ ነው። ግቡን ሳላየው ደስ ያለኝ ያን ዓመት ብቻ ነው።

ሣሩ አለቀ፦
ሁላችሁም ሜዳውን ረሳችሁት። አንድ ሜዳ ላይ በቀን ሁለት ጨዋታ፣ ለሳምንታት! መጀመሪያ የሚጫወተው ሣር ላይ፣ መጨረሻ የሚጫወተው አፈር ላይ ነው። አጭር ቅብብል የሚወድ ቡድን እዚያ ላይ ያልቅለታል።
የ2013ቱን ግን እኔም አልነካም፣ ኮቪድ ነበር። የሚቆጨኝ ለአንድ ዓመት ይሆናል ያልነው ነገር ልማድ ሆኖ መቅረቱ ነው። በ2016 ንግድ ባንክ ባደገበት ዓመት ከመቻል ጋር ተናንቆ ዋንጫውን በላ፣ በ2017 ኢትዮጵያ መድን። የተቋም ክለቦች ናቸው፣ ቡድኑን ተከትሎ የሚጎርፍ ደጋፊ ስለሌላቸው በዚህ አሠራር የሚያጡት ነገር የለም። ሐዋሳ ወይም ወላይታ ዲቻ ግን በየዓመቱ ደጋፊያቸውን ቤት ጥለው ነው አብዛኛውን ጨዋታ የሚጫወቱት።

አራፊ ቡድን፦
ሣሩ፣ የ2014ና የ2015ን ምን ልትለው ነው? ሁለቱንም የወሰደው ጊዮርጊስ ነው፣ ደጋፊ አነሰው እንዳትለኝ።

ሣሩ አለቀ፦
ጊዮርጊስ ድሮም ሜዳ ሳይመርጥ ይበላ ነበር ወንድሜ፣ እሱን ለማስረጃ አታምጣው 😂

አራፊ ቡድን፦
ሁሉንም ለባልደረባዬ አሳየሁት። ካታንጋው የጻፈውን ሁለቴ አነበበና «በቃ ፋሲልን ትቼልሃለሁ፣ ነገ ግን የባንክን እንከራከራለን» አለኝ። ቡናማው፣ ነገ እንዳትጠፋ።