የዕቅድ ውይይት፦ ለፖሊስ ጣቢያው ፓትሮል የምናቀርበው ረቂቅ (ፒያሳ እና ቅዳሜ ገበያ)

ጸሐፊ፦ የምታውቁት ነው። ከሐምሌ 1 ወዲህ የጣቢያው ሥራ ማስኬጃ ተቀንሷል። ደመወዝ ስለማይነካ ቅነሳው ያረፈው በበጀት ኮድ 6217 (ነዳጅ) እና 6241 (የተሽከርካሪ ጥገና) ላይ ነው። የፓትሮል ፒክአፑ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ አይወጣም። ረቂቁ፦ ማህበራችን የ3 ወር ነዳጅ፣ 2 የኋላ ጎማ፣ 1 የመኪና ባትሪ ይሸፍናል። እስከ ሐሙስ አስተያየት።

ባለ ጋራዥ፦ ሊትሩ አልተሰላም። ከቅዳሜ ገበያ ወደ ፒያሳ ሽቅብ እየተመላለሰ ያ ሂሉክስ በ1 ሊትር ከ8 ኪሎ ሜትር አያልፍም። በሌሊት 40 ኪሎ ሜትር ቢዞር 5 ሊትር፣ ሞተር ሳይጠፋ ለሚቆምበት ደግሞ 2 ጨምሩ። በወር 210፣ በ3 ወር 630 ሊትር ነው። ባትሪው የሚሞተው ሞተር ጠፍቶ የጣሪያው መብራትና ሬዲዮው ሲበሩ ስለሚያድሩ ነው፤ ይኼ ካልቆመ አዲስ ባለ 75 አምፒር-ሰዓት ባትሪም ቶሎ ይወድቃል። ከሁሉ በፊት ግን የኪሎ ሜትር ቆጣሪው አይሠራም። እሱ ሳይጠገን 630 ሊትሩን በምን ልትቆጣጠሩ ነው?

ገንዘብ ያዥ፦ ጥሬ ብር ከኔ እጅ አይወጣም። ጎማና ባትሪ በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ጣቢያው ገቢ ያድርግ። ነዳጁ ማደያ ላይ በሰሌዳው ቁጥር በቴሌብር ይከፈል፤ የጉዞ መዝገቡን በየሳምንቱ አያለሁ። ረቂቁ ላይም በብር ሳይሆን በሊትር ይጻፍ። የነዳጅ ድጎማው እየተነሳ ዋጋው ስንቴ እንደተከለሰ ታውቃላችሁ።

የቀድሞ ሳጅን፦ የፓትሮሉን መስመር ማን ያወጣል? ነዳጅ የከፈለ ሁሉ «እኔ ደጅ ቁሙልኝ» ይላል። መስመሩ በወንጀል መዝገቡ እንደሚወጣ በግልጽ ይስፈር፤ ያለዚያ ፖሊሱን ዘበኛ አደረጋችሁት ማለት ነው። ለሮንዶቹም (ለሰፈሩ የሌሊት ጠባቂዎች) ሰደርያ ይገዛ፣ በጨለማ ማን እንደሆኑ አይለዩም። ቢጫ ይሁን።

ባለ ቡቲክ፦ ቢጫማ የትራፊክ ነው! አረንጓዴ ይሁን።

የቅዳሜ ገበያ ተወካይ፦ አረንጓዴ የመኪና አስቋሚ ልጆች ይለብሱታል። ብርቱካናማ።

ባለ ቡቲክ፦ ብርቱካናማ የጽዳት ነው። የሮንድ ክብር የለውም?

የቅዳሜ ገበያ ተወካይ፦ የጽዳት ሠራተኛስ ክብር የለውም? ቃልህን አስተካክል።

መምህር፦ ወደ ነገሩ እንመለስ። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የእንግሊዝ መንግሥት ለፖሊስ የሚሰጠውን ገንዘብ በ4 ዓመት 20 በመቶ ሊቀንስ ሲወስን፣ የየአካባቢው ፖሊስ ቶሎ የነካው ሲቪል ሠራተኛውንና የጣቢያ መቀበያውን ነበር። ወረቀቱ ግን አልቀነሰም፤ አንዳንድ ቦታ ፖሊሱ ከመንገድ ተነስቶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እኛም ነዳጅ ብቻ ከሰጠን መኪናው የሚነዳውና የሚወርድለት ሰው ያጣል። ለጣቢያው የ1 የኮንትራት ጸሐፊ ደመወዝ ብንከፍልስ?

የቀድሞ ሳጅን፦ የምርመራ መዝገብ በውጭ ሰው እጅ አይገባም። የጠፋ መታወቂያ ማስረጃ ግን ይቻላል፤ ጠዋት ሰልፉን የሚያረዝመው እሱ ነው፣ አንድ ፖሊስ እስከ ምሳ ሰዓት ያስቀምጣል። ጥሩ ሐሳብ ነው መምህር።

ባለ ቡቲክ፦ ሰደርያው ሳይወሰን ወዴት ነው? ጀርባው ላይ የማህበሩ ስም ካልተጻፈበት እኔ መዋጮ የለኝም።

ገንዘብ ያዥ፦ ለመንገድ መብራቱም እንዲሁ ብለህ ነው ያጓተትከው።

ባለ ቡቲክ፦ ለመብራቱ ከማንም በላይ የከፈልኩ እኔ ነኝ! ደረሰኙ አንተ ጋ ነው፣ አውጣውና ለሁሉም አሳይ!

የቀድሞ ሳጅን፦ ተረጋጉ ልጆቼ። ማታ የሚያበራው ቀለሙ አይደለም፣ ብር የሚመስለው ጥብጣብ ነው። ወርዱ 5 ሴንቲ ይሁን፣ በደረትም በጀርባም ይዙር። በረኪና ከነካው ማንጸባረቁን ያጣል፤ ቀዝቃዛ ውሃና ሳሙና ብቻ። ስሙ ከጥብጣቡ በታች ይጻፍ፣ ላዩ ላይ ከታተመ ብርሃኑን ይሸፍነዋል።

ባለ ቡቲክ፦ እሺ ጋሼ፣ በእርስዎ ቃል ይሁን። በታች ይጻፍ።

የቅዳሜ ገበያ ተወካይ፦ የኛም ገበያ ስም አብሮ ይግባ። ከ24ቱ ሮንድ 14ቱ የኛ ናቸው።

ጸሐፊ፦ ሁለቱም ስም ይገባል። 3 ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) አመጣለሁ ያለው ልጅ የት ገባ?

ገንዘብ ያዥ፦ ከሰኞ ጀምሮ ስልክ አያነሳም። ያለ ፕሮፎርማ የጎማና የባትሪ ክፍያ አልፈርምም።

ጸሐፊ፦ እንግዲያው በዚህ ዙር የሚቀርበው፦ ሰደርያ 24፣ ፊሽካ 24፣ የእጅ ባትሪ 12። ነዳጁ፣ ጎማው፣ የመኪናው ባትሪና የኮንትራት ጸሐፊው ለሁለተኛው ሩብ ዓመት ይተላለፉ።

ባለ ጋራዥ፦ የተነሳነው ለመኪናው አልነበረም እንዴ? የቆጣሪው ኬብል የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የእጅ ዋጋ አልጠይቅም፣ ኬብሉን ብቻ ግዙ።

መምህር፦ እደግፋለሁ። ኬብሉ ይግባ።

ጸሐፊ፦ ፕሮፎርማ ከመጣ አስገባዋለሁ። የሮንዶቹን ልክ ዛሬ ላኩልኝ።

ባለ ቡቲክ፦ ቀለሙ አልተዘጋም እኮ። ሰማያዊ ጨርቅ አለኝ፣ በዋጋዬ እሰጣለሁ።

የቀድሞ ሳጅን፦ ሰማያዊ ማታ ከጥቁር አይለይም። ጥብጣቡስ ስንት ሴንቲ ነው?