ብርሃን ጠብታን የሚያንቀሳቅሰው እንዴት ነው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ፤ የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። ውኃ ላይ የተንሳፈፈች የዘይት ጠብታ የአልትራቫዮሌት ብርሃን በአንድ ጎኗ ሲያርፍ ከብርሃኑ ስትሸሽ በቪዲዮ ተመለከትሁ። ብርሃን ግፊት እንዳለው ተምረናል፤ ነገር ግን አስልቼ እንዳየሁት የ1 ሚሊዋት ጨረር የሚያሳድረው ኃይል 3 ፒኮኒውተን ገደማ ብቻ ሲሆን፣ 1 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ጠብታ ክብደት ከዚህ ከሚሊዮን ጊዜ በላይ ይበልጣል። ታዲያ የሚገፋት ምንድን ነው?

መልስ 1፦
ስሌትዎ ትክክል ነው፤ ብርሃኑ አይገፋትም። ብርሃኑ የሚለውጠው የገጽ ውጥረትን፣ ማለትም የፈሳሽን ገጽ እንደ ተወጠረ ቆዳ አጥብቆ የሚይዘውን ኃይል ነው፤ የቀረውን ሥራ የሚሠራው ፈሳሹ ራሱ ነው። ሰሃን ላይ ውኃ አድርገው የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ይበትኑበትና ሳሙና የነካ ጣትዎን መሀሉ ላይ ያሳርፉ። ሳሙናው ያረፈበት ቦታ ውጥረቱ ስለሚላላ፣ ውጥረቱ ያልላላው የዳሩ ውኃ ገጹን ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ብናኙም አብሮ ወደ ዳር ይሸሻል።

በ2009 በፓሪስ የዳሚያን ቤግል የምርምር ቡድን ያሳየው ይህንኑ በብርሃን ነው። ውኃው ውስጥ የተጨመረው ሳሙና መሰል ንጥረ ነገር አዞቤንዚን የተባለ ክፍል አለው። ይህ ሞለኪውል ቀጥ ብሎ ሳለ በዘይቱና በውኃው መካከል ያለውን ውጥረት በደንብ ያላላል፤ 365 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያገኘው ግን ስለሚታጠፍ ውጥረቱ ከፍ ይላል፣ ሰማያዊ ብርሃን ሲበራበት ደግሞ መልሶ ይቃናል። ስለዚህ የጠብታዋ ገጽ ወደ አልትራቫዮሌቱ ይፈስሳል፣ ጠብታዋም ቀዛፊ ውኃውን ወደ ኋላ ሲገፋ ታንኳው ወደ ፊት እንደሚሄድ ሁሉ በተቃራኒው ትጓዛለች። ለእኔ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የሞለኪውሉ ደጋግሞ መታጠፍና መቃናት ነው፤ ያለዚያ ጠብታዋን አንድ ጊዜ ማባረር እንጂ መምራት አይቻልም ነበር።

መልስ 2፦
በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጠብታዋ በማይክሮሜትር የምትለካ ከሆነች የብርሃን ኃይል ራሱ ይበቃል። አርተር አሽኪን በ1986 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳየው የብርሃን ወረንጦ፣ በ2018 የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት ሥራ፣ በአንድ የተሰበሰበ ሌዘር ቅንጣትን ይይዛል። ሆኖም ጠብታዋ ብርሃንን ከከበባት ፈሳሽ ይበልጥ መስበር ይኖርባታል፤ የውኃ የስብረት መጠን 1.33፣ የምግብ ዘይት ደግሞ 1.47 ገደማ ስለሆነ፣ ውኃ ውስጥ ያለች የዘይት ጠብታ ትያዛለች፣ ዘይት ውስጥ ያለች የውኃ ጠብታ ግን ከጨረሩ ወደ ውጭ ትገፋለች።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እኔ ልሠራበት ያሰብሁት ዘይት ውስጥ ባለች የውኃ ጠብታ ነው፤ መንገዱ ተዘጋብኝ ማለት ነው?

መልስ 2፦
አልተዘጋም። በቀጭን ቦይ ውስጥ የምትፈስስን የውኃ ጠብታ ድንበሯን በሌዘር በማሞቅ ብቻ ማስቆም ይቻላል፤ ሙቀትም የገጽ ውጥረትን ይለውጣልና። ጠብታዋ ሕያው ሴል ወይም ኤንዛይም ከያዘች ግን በዚያች ነጥብ ላይ የሚደርሰውን ሙቀት አስቀድመው ይለኩ።