ቬኒስ ለሁለት ሰው፣ 3 ሌሊት፦ ማደሪያ፣ ጀልባ፣ የጾም ምግብ

ሽንብጥ (ጠያቂ)
ሰላም ለዚህ ቤት። እኔና ባለቤቴ በጥቅምት መጨረሻ ከባሕር ዳር በአዲስ አበባ በኩል ሚላኖ፣ ከዚያ በባቡር ቬኒስ ልንሄድ ነው። የቪዛው ጉዳይ ተጠናቋል። ማደሪያ ደሴቱ (ዋናው ቬኒስ) ላይ ይሻላል ወይስ የብስ ላይ ያለው፣ ርካሽ ነው የሚባለው ሜስትሬ? የጀልባ ቲኬት በየጉዞው ይገዛ ወይስ የቀናት? ረቡዕና ዓርብስ ምን ይበላል? ውኃው አደባባዩን ይሞላዋል የሚባለው በዚያ ሰሞን ያሰጋል? የምታውቁ በዝርዝር ንገሩን።

በዛዊት
ከባቡሩ ልጀምር። ከሚላኖ ቼንትራሌ በፈጣኑ ባቡር 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። «ቬኔዚያ» የሚል ስም ያላቸው ሁለት ጣቢያዎች አሉ፤ ቀድሞ የሚመጣው ቬኔዚያ ሜስትሬ የብስ ላይ ነው፣ ደሴቱ ላይ የሚያወርዳችሁ መጨረሻው ቬኔዚያ ሳንታ ሉቺያ ነው። ስሙን በግማሽ አንብቦ ሻንጣውን ይዞ ሜስትሬ የሚወርድ ብዙ ነው። የፈጣኑ ባቡር ቲኬት ለዚያች ሰዓት ባቡር ብቻ ያገለግላል፣ በጣም ርካሹ ደግሞ አይቀየርም። አውሮፕላን ከዘገየ ብሩ ቀረ። ስለዚህ ጥቂት ጨምራችሁ የሚቀየረውን ግዙ፤ ማልፔንሳ (የሚላኖ አየር ማረፊያ) አርፋችሁ እስከ ባቡሩ ቢያንስ 3 ሰዓት ይኑራችሁ፣ ከአየር ማረፊያው ወደ ከተማ ብቻ 1 ሰዓት ገደማ ይወስዳል።

ማደሪያ፦ ለ3 ሌሊት ደሴቱ ላይ እደሩ። ሜስትሬ ይረክሳል፣ ባቡሩም ከ10 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፤ ግን ቬኒስ የምታምረው ማለዳና የቀን ጎብኚው ከወጣ በኋላ ነው፣ ያንን ሰዓት ባቡር ጥበቃ ላይ ማሳለፍ ኪሳራ ነው። ዋናው ሻንጣ ነው። ከተማዋ ከ400 በላይ ድልድይ አላት፣ አብዛኛው ባለ ደረጃ። ጎማ ያለው ሻንጣ እዚያ ጎማው አይሠራም፣ ትሸከሙታላችሁ። የቤት ቁጥር የሚሰጠው በመንገድ ሳይሆን በሰፈር ስለሆነ «ካናሬጆ» ብሎ አራት አሃዝ ቁጥር ቢጽፉላችሁ ቦታውን አይነግራችሁም። ሆቴሉን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ቅርቡ የጀልባ ማቆሚያ የቱ ነው? ከዚያ እስከ በሩ ስንት ድልድይ አለ? «ዜሮ» ካሏችሁ ያዙት። የከተማው የአዳር ግብር በነፍስ ወከፍ ለብቻው ይከፈላል፣ ኢንተርኔት ላይ ያያችሁት ዋጋ ውስጥ ላይኖር ይችላል።

የታንኳ ልጅ
ጀልባው «ቫፖሬቶ» ይባላል። እንደ ዘጌ ጀልባ በዋጋ መከራከር የለም። አንድ ቲኬት 75 ደቂቃ ያገለግላል፣ 9.50 ዩሮ ነው። የ72 ሰዓቱ 45 ዩሮ። አምስት ጊዜ ከተሳፈራችሁ የ72ቱ አዋጭ ነው፤ ቡራኖና ሙራኖ ደሴቶችም በዚያው ይታያሉ (ቡራኖ መስመር 12፣ ከፎንዳሜንቴ ኖቬ)። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ስትገዙ ሳይሆን መጀመሪያ ካርዱን ማሽኑ ላይ ስታስነኩ ነው። መነካካቱ ላይ ነው ስህተቱ፦ ተንሳፋፊው መሳፈሪያ መግቢያ ላይ ያለው ማሽን ላይ ካርዱን አስጠጉ፣ ድምፅና አረንጓዴ መብራት ካልሰጠ አልተመዘገበም። የቀናት ቲኬት የያዘ ሰው «ከፍያለሁ» ብሎ ሳይነካ ይገባል፤ ተቆጣጣሪ ቢይዘው ይቀጣል። በየጉዞው፣ ለየራሳችሁ ካርድ።

መስመር 1 በታላቁ ቦይ እየቆመ ይሄዳል፣ ለማየት እሱ ነው። መስመር 2 ለሚቸኩል።

ስለ ሙላቱ፦ ጣና በዓመት አንዴ ክረምቱን ተከትሎ ይሞላል፣ የዚያ ባሕር ግን በቀን ሁለቴ ይወጣል ይወርዳል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ከደቡብ የሚመጣ ነፋስ ሲጨመርበት ከልኩ ያልፋል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ «ሞዜ» የተባለው የብረት መከላከያ አለ፤ ትንበያው 110 ሳንቲሜትር ሲደርስ ከባሕሩ አፍ ላይ ይነሣል። ነገር ግን የማርቆስ አደባባይ ከሁሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከዚያ በታች ባለ ሙላትም ውኃ ይገባዋል። ሲበዛ ጥቂት ሰዓት ነው፣ ከዚያ ይሸሻል። ቦቲ ጫማ ከዚህ አትሸከሙ፣ ጠዋት ትንበያውን አይታችሁ አደባባዩን ለከሰዓት አድርጉት።

ዘጌ ቡና
እህቴ፣ ወንድሜ፣ የጾሙን እኔ ልንገራችሁ። «ቬጄታሪያኖ» አትበሉ፣ አይብና እንቁላል ያለበት ያመጡላችኋል። ቃሉ «ቬጋኖ» ነው። ፒሳ ከሆነ «ማሪናራ»፦ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖ፣ ዘይት፤ ስሙ የባሕር ቢመስልም አይብም ዓሣም የለውም። ደረቅ ፓስታ በቲማቲም ይሆናል፣ «ሰንዛ ፎርማጆ» (ያለ አይብ) በሉ። ትኩስ የሚባለው ፓስታ ብዙ ጊዜ በእንቁላል ነው የሚቦካው። ሪዞቶን ተዉት፤ የአትክልት ቢሆንም ሲያወርዱት ቅቤና አይብ ያዋሕዱበታል። የባቄላ ሾርባውም የአሳማ ስብ ሊኖረው ይችላል፣ ጠይቁ።

ማኪያቶ ስትሉ የእኛን አትጠብቁ። እዚያ ስኒ ኤስፕሬሶ ላይ ጠብታ ወተት ነው። ወተት የበዛበት ከፈለጋችሁ ካፑቺኖ። «ላቴ» ብቻ ካላችሁ ባዶ ወተት ይመጣል። ቆማችሁ ከጠጣችሁ ይረክሳል፣ የማርቆስ አደባባይ ላይ ከተቀመጣችሁ የሙዚቃውም ይታሰባል። ሂሳብ ላይ «ኮፔርቶ» የሚለው የመቀመጫ ክፍያ ነው፣ ሜኑው ላይ ከተጻፈ ማጭበርበር አይደለም።

ነጠላ ያዙ። ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ትከሻና ጉልበት ተሸፍኖ ነው የሚገባው፣ ትልቅ ቦርሳም አያስገቡም። የእስክንድርያ መንበር የሚጠራበት የወንጌላዊው ማርቆስ ዐፅም እ.ኤ.አ. በ828 ከዚያው ከእስክንድርያ የመጣው ወደዚህች ከተማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ከፊሉ ለግብፅ ኮፕት ቤተ ክርስቲያን ተመልሷል። ለእኛ ሰው ከጎንዶላው (በቀዘፋ ከሚሄደው የከተማዋ ታንኳ) ይልቅ ይሄ ነው መታየት ያለበት፣ የእኔ አስተያየት ነው።

ሽንብጥ (ጠያቂ)
እግዜር ይስጥልን። ጎንዶላው ግን ባለቤቴ አልለቅም ብላለች። ስንት ነው?

የታንኳ ልጅ
ቀን 90 ዩሮ ለ30 ደቂቃ፣ ማታ 110። ዋጋው የጀልባው እንጂ የሰው አይደለም፣ እስከ 5 ሰው ይጭናል፤ ከሌሎች ጋር ብትካፈሉ ይቀላል። ከመግባታችሁ በፊት ደቂቃውን አስረግጡ። ወይም «ትራጌቶ» የሚባለውን ሞክሩ፦ ታላቁን ቦይ የሚያሻግር ሁለት ቀዛፊ ያለው ጎንዶላ ነው፣ ለጎብኚ 2 ዩሮ፣ ሪያልቶ ገበያ አጠገብ ሳንታ ሶፊያ ላይ አለ። ሳንቲሙን በእጅ ትሰጡታላችሁ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። የማታው ዋጋ የሚጀምረው 19:00 ላይ ነው፤ በእኛ 1 ሰዓት ማታ፣ እንዳትሳሳቱ።