«ሳይንስ ቀለም አያውቅም» ላሉን ሰው ጥያቄ አለኝ

ፊደል ቆጣሪ፦
እዚህ አሜሪካ ልጆቻችን የሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ ተማሪዎች በሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት ሥነ ጽሑፍን፣ ታሪክን፣ ሳይንስንና የዘር ፍትሕን አስተሳስረው እንዲመረምሩ ማቀዱን ለወላጆች ሲያስረዳ፣ አንድ ያገራችን ሰው ተነሥተው «ሳይንስ ቀለም አያውቅም፤ የባዮሎጂውን ሰዓት ለወቀሳ አታውሉት» አሉ፤ ተጨበጨበላቸውም። ሰውየው ከመካከላችን ስለሆኑ በግልጽ እጠይቃለሁ። ከ1932 እስከ 1972 በአላባማ፣ ቱስኪጊ፣ የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ቂጥኝ የያዛቸውን በመቶ የሚቆጠሩ ጥቁር ወንዶች «መጥፎ ደም አለባችሁ» እያለ ሲያታልል፣ የፔኒሲሊን ፈዋሽነት ከታወቀም በኋላ መድኃኒቱን ነፍጎ የበሽታቸውን ጉዞ ሲመዘግብ፣ ያ ሳይንስ ቀለም አያውቅም ነበር?

አድዋ 1888፦
የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ቃሌንም አላጥፍም። በቱስኪጊ የተፈጸመው ወንጀል ነው፤ ወንጀለኞቹ ግን ሰዎች እንጂ ሳይንስ አይደለም። የቂጥኝ ባክቴሪያ ነጩንም ጥቁሩንም ያጠቃል፤ ፔኒሲሊኑም ሁለቱንም ያድናል። እኔ ያልኩት ይህንኑ ነው። ታሪኩ በታሪክ ክፍለ ጊዜ ይነገር፤ ማን ከለከለ? ልጄ ግን የሕዋስን ክፍፍል በቅጡ ሳያውቅ ስለ ሕዋስ ባለቤትነት ድርሰት እንዲጽፍ አልፈልግም።

የላብራቶሪዋ፦
ወንድሜ፣ ምሳሌውን ባያነሡት ይሻልዎት ነበር። በ1951 ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ከጥቁሯ አሜሪካዊት ታካሚ ከሄንሪየታ ላክስ የማሕፀን በር ካንሰር ዕጢ፣ እርሷ ሳትጠየቅ የተወሰዱት ሕዋሳት ዛሬም በየላብራቶሪው እየተከፋፈሉ ይገኛሉ። የሌሎች ሰዎች ሕዋሳት ከአካል ውጭ ቶሎ እየሞቱ ሲያስቸግሩ የእርሷ ለምን አልሞቱም ብሎ የጠየቀ ተማሪ፣ የማሕፀን በር ካንሰር የሚያመጣው የፓፒሎማ ቫይረስ ከሕዋሱ ዘረመል ጋር መቀላቀሉን፣ ቴሎሜሬዝ የተባለው ኢንዛይም የክሮሞሶሙን ጫፍ ከማለቅ መታደጉን ይማራል። ይህ ሁሉ የሕዋስ ክፍፍል ትምህርት ነው። የፖሊዮ ክትባትን ለመፈተን እነዚህን ሕዋሳት በብዛት ያባዙት ደግሞ ጥቁር ሳይንቲስቶችና ቴክኒሻኖች ነበሩ፤ ያውም በዚያው በቱስኪጊ፣ የቂጥኙ ጥናት ገና ሳይቋረጥ። የትኛውን ዐረፍተ ነገር ከባዮሎጂ አውጥቼ ለታሪክ መምህሩ ላስረክብ?

አድዋ 1888፦
እህቴ፣ ዕውቀትዎን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ጉዳዩን ሁሉ በቀለም መነጽር ማየት ራሱ ያሳስታል። «የተሻለ ዘር» እናፈራለን ባዮች ሰዎችን ሲያመክኑ፣ በ1927 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንድትመክን የፈቀደባት ኬሪ በክ ነጭ ነበረች። ይህን በዕቅዱ ውስጥ አላየሁትም። በዚያ ላይ እኛ ቅኝ ያልተገዛን ሕዝብ ልጆች ነን፤ የሌላውን ቁስል ለልጆቻችን የምናወርስበት ምክንያት አይገባኝም።

ዝም ያላለ፦
ዕቅዱ የጎደለው የኬሪ በክ ታሪክ ከሆነ ታሪኳን ጨምሩ ማለት ነው እንጂ ትምህርቱን ሰርዙ ማለት አይደለም። «የሌላው ቁስል» ስላሉት ደግሞ፣ እኔና እርስዎ እዚህ አገር ገብተን ለመከራከር የበቃነው በትውልድ አገር ኮታ ይዳኝ የነበረው የስደተኞች ሕግ በ1965 ስለተለወጠ ነው፤ ሕጉ ደግሞ የተለወጠው እነዚያ «ሌላው» ያሏቸው ሰዎች ለመብታቸው በታገሉበት ዘመን ነው። በራሳችንም ቤት ቢሆን ባርነት በሕግ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1942 መሆኑን የአድዋ ስም በለጠፉ ቁጥር ቢያስታውሱት መልካም ነው።

አድዋ 1888፦
ስለ ሥርዓተ ትምህርት እየተነጋገርን ስሜ ምን አደረገዎት? አገሩን ለመስደብ ሰበብ የሚፈልግ ሰው ሰበብ አያጣም።

የላብራቶሪዋ፦
ስሙን እንተወውና ወደ ቀለሙ እንመለስ። የኩላሊትን የማጣራት አቅም ከደም ምርመራ ለመገመት ከ2009 ጀምሮ ብዙ ሆስፒታሎች የተጠቀሙበት ቀመር፣ ታካሚው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን በ1.159 ያባዛ ነበር። ዕድሜያቸው፣ ጾታቸውና የክሬአቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) መጠናቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ቢመረመሩ፣ ነጩ 18 ሲያገኝ ጥቁሩ ወደ 21 ይጠጋል። በዚህ አገር የኩላሊት ንቅለ ተከላ ወረፋ መቆጠር የሚጀምረው ውጤቱ 20 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው። እንግዲህ የነጩ ወረፋ ይቆጠራል፤ ጥቁሩ ኩላሊቱ ይበልጥ እስኪደክም ይጠብቃል። ቀመሩ የታካሚው አያት አድዋ መዝመታቸውን አይጠይቅም። ይህን ስሌት አንድ ተማሪ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሠርቶ ይጨርሰዋል፤ ሒሳብ ነው፣ ባዮሎጂም ነው። የወቀሳ ሰዓት የሚሉት የቱን ነው?

አድዋ 1888፦
ያንን ማባዣ በ2021 ያስወጡት የኩላሊት ሐኪሞች ማኅበራት ናቸው። በመረጃ ተከራክረው ዘር የሌለበት ቀመር አወጡ። ሳይንስ ራሱን በራሱ አረመ፤ እኔ ያልኩትም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ፊደል ቆጣሪ፦
«ራሱን በራሱ» ሲሉ የሕክምና ተማሪዎች ጭምር በየሆስፒታሉ ለዓመታት መጠየቃቸውን ዘለሉት። ያ ማባዣ ለምን ገባ ብለው ባይጠይቁ ኖሮ ማን ይነካው ነበር? ለመጠየቅስ ቀድሞ መማር አያስፈልግም?

የክፍሉ መምህር፦
ሥነ ጽሑፍ የማስተምር ሰው ነኝ፤ ከሁለታችሁም ጋር አልስማማም። ጥቁሯ አሜሪካዊት ዞራ ኒል ኸርስተን በ1920ዎቹ፣ የራስ ቅል መጠን የዘርን የበላይነት ያሳያል የሚለውን እምነት ለሚሞግተው ለአንትሮፖሎጂስቱ ፍራንዝ ቦአስ፣ የመንገደኞችን ጭንቅላት በመለኪያ ይዛ ሃርለም ውስጥ ትለካ ነበር። ደራሲም ተመራማሪም የሆነችን ሴት በአንድ የትምህርት ዓይነት አጥር ውስጥ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ስለዚህ ማስተሳሰሩን እደግፋለሁ። ሆኖም አራቱን መስኮች ለአንድ መምህር ከነፈተናቸው ሲያሸክሙ የሚተርፈው የየርእሱ ቅንጭብጫቢ ነው። የባዮሎጂ መምህሩና እኔ አብረን የምንዘጋጅበት ሰዓት በዕቅዱ ላይ አልተመደበም። ይህን ማንም አልጠየቀም፤ ጭብጨባውም ተቃውሞውም ስለ መርህ ብቻ ነበር።

አድዋ 1888፦
እንግዲያው መምህሩም ሰዓት የለም እያሉ ነው። እኔ ምን አልኩ?

የላብራቶሪዋ፦
መምህሩ ሰዓት ይጨመር አሉ፤ እርስዎ ደግሞ ይቀነስ አሉ። አሁንም በ18 እና በ21 መካከል ስላለው ልዩነት መልስ አልሰጡኝም።

አድዋ 1888፦
በ2021 ተመልሷል ብዬዎታለሁ።

ዝም ያላለ፦
ከዚያ በፊት ወረፋ ለጠበቀውስ?