«ፍንክች አለ» ለምን አይባልም?

የሁለት ልጆች እናት፣ ስቶክሆልም
ሰላም ለሁላችሁ። የሰባት ዓመቱ ልጄ ትናንት ማታ ለጠየቀኝ ጥያቄ መልስ አጣሁ። የፊት ጥርሱ ሊወልቅ ደርሷል፤ በምላሱ ሲገፋው ወዲያ ወዲህ ይላል። በክር አስሬ ሳብ ባደርገው ግን አልወጣ አለኝ። «ወይ ፍንክች!» አልኩ። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀኝና «ከቦታው አይለቅም ማለት ነው» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ታዲያ ሲወልቅ ‹ፍንክች አለ› እንላለን?» አለኝ። እንደማይባል አውቃለሁ፤ ለምን እንደማይባል ግን አላውቅም። እዚህ ከእኔ ሌላ አማርኛ የሚያስተምረው ሰው ስለሌለ በግምት ልመልስለት አልፈለግሁም።

ጡረተኛ መምህር
ልጅሽ ይባረክ፤ ትልልቆቹም የማይጠይቁትን ነው የጠየቀሽ። ፍንክች እንደ ብድግ፣ ቁጭ፣ ዝም ሁሉ «አለ» ከሚለው ግስ ጋር የሚሄድ ቃል ነው። ነገር ግን «ብድግ አለ»ም «ብድግ አላለም»ም ሲባል፣ ፍንክች የሚኖረው ከአሉታ ጋር ብቻ ነው፦ ፍንክች አልልም፣ ፍንክች አላለችም፣ ፍንክች ሳይል። «ወይ ፍንክች» ስትዪም አሉታውን «ወይ» ይዞታል። «ከቶ»ም እንዲሁ ነው፤ «ከቶ አልሄድም» እንጂ «ከቶ እሄዳለሁ» አይባልም።

የውል ተርጓሚ
ከሥራዬ አንድ ነገር ልጨምር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1130 መሬትንና ሕንፃን የማይንቀሳቀሱ ንብረቶች ይላቸዋል። ቤትን «ፍንክች የማይል ንብረት» ማለት አይቻልም፤ ቤቱን የገፋው የለምና። ፍንክች እንዲባል መጀመሪያ የሚገፋ፣ የሚጎትት ወይም የሚለምን ሰው ያስፈልጋል። የዛገ ብሎን በመፍቻ ስንታገለው ፍንክች አልል ይለናል፤ ሳንነካው ግን ዝም ብሎ ብሎን ነው።

የገበሬ ልጅ
እውነት ነው። የእኛ አህያ ወንዝ ዳር ስትደርስ አራት እግሯን ተክላ ትቆም ነበር። አባቴ ከፊት ይስባል፣ እኔ ከኋላ እገፋለሁ፣ ጭነቱ ወደ አንገቷ ይንሸራተታል፣ እሷ ግን ፍንክች የአባ ቢላዋ ልጅ! ጆሮዋ ይርገበገባል፣ ቆዳዋ ይንቀጠቀጣል፤ ኮቴዋ ግን ከረገጠው ድንጋይ አይነሳም።

የሁለት ልጆች እናት፣ ስቶክሆልም
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአህያዋን ነገር ሳነብለት ገባው። ዛሬ ጠዋት መስታወት ፊት ቆሞ ጥርሱን እየነካ «ይነቃነቃል፤ ግን ፍንክች አይልም» ሲል ሰማሁት፤ ዓይኔ እንባ ሞላ። «ዝንፍ አይልም»ስ ከዚሁ ይመደባል?

ጡረተኛ መምህር
አይመደብም። ዝንፍ ለልክና ለቃል ነው፤ ግንበኛ ቱንቢውን ጥሎ ግድግዳው ዝንፍ ማለት አለማለቱን ያያል። ይህኛው ያለ አሉታም ይነገራል፤ ጠምዘዝ ያለውን ግድግዳ «ዘንፏል» ይለዋል።