አገጬን ብቻ ላስተካክል ወይስ መንጋጋዬን?

ዕድሜዬ 31 ነው፤ የምኖረው ዱባይ ነው። ከፊት ሲያዩኝ ምንም የለብኝም፤ ከጎን ግን አገጬ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ አፍንጫዬ ከመጠኑ በላይ ትልቅ ይመስላል። ከንፈሬን ስገጥም የአገጬ ቆዳ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይጎደጉዳል። እህቴ «አንቺ ብቻ ነሽ የምታዪው» ትለኛለች፤ የሠርጓን ፎቶግራፎች ግን እኔም አይቻቸዋለሁ።

ባለፈው ዓመት 2 ሚሊ ሊትር ሃያሉሮኒክ አሲድ (ቅርጽ ለመሙላት ቆዳ ሥር የሚወጋ ጄል) አገጬ ላይ ተወጋሁ። ወድጄው ነበር፤ በ10ኛው ወር ሟሙቶ አለቀ። ዘላቂ ነገር ፈልጌ ሁለት የቀዶ ጥገና ሐኪሞችን አማከርኩ። አንደኛው ሲሊኮን እናስገባ አለኝ። ሁለተኛው ራጁን አይቶ፣ ከታችኞቹ ጥርሶች ሥር በታች ያለውን አጥንት ቆርጦ 6 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት መግፋትና በታይታኒየም ብሎን ማሰር ይሻላል አለ። ከንፈሬ ለወራት ሊደነዝዝ እንደሚችል፣ አንዳንዴም ስሜቱ ሙሉ በሙሉ እንደማይመለስ ሳይደብቅ ነገረኝ። ልቤ ወደዚህኛው አደላ፤ ቀጠሮም ያዝኩ።

ነገሩ የተወሳሰበው የጥርስ ሐኪሜ ዘንድ ስሄድ ነው። «ወደ ኋላ የቀረው አገጭሽ ብቻ ሳይሆን መላው የታችኛው መንጋጋሽ ነው» አለችኝ፤ የላይኞቹ ጥርሶቼ የታችኞቹን 7 ሚሊ ሜትር ይቀድማሉ። እርሷ የምትለው ዓመት ተኩል የጥርስ ሽቦ፣ ከዚያም የመንጋጋ ቀዶ ጥገና ነው። ለዚያ ጊዜውም ገንዘቡም የለኝም፤ ማኘክም አያስቸግረኝም። ቀጠሮዬ ከ5 ሳምንት በኋላ ነው።

ንክሻችሁ (የላይኞቹና የታችኞቹ ጥርሶች አገጣጠም) ሳይስተካከል የአገጭ አጥንታችሁን ብቻ ያስቆረጣችሁ፣ ዓመት ካለፈ በኋላ ከንፈራችሁ ያለ ትግል ይገጥማል?