«ራበኝ» ስንል ባለቤቱ ማን ነው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ዋሽንግተን የተወለደችው የእህቴ ልጅ «እኔ ራብኩ» ትላለች። «ራበኝ ነው የሚባለው» ስላት፣ «ታዲያ በላሁን ለምን በላኝ አንልም?» ብላ መልስ አሳጣችኝ። ለመሆኑ የ«ራበኝ» ባለቤት ማን ነው?

ግስ አርቢ፦
እህቴ፣ ልጅቷ ትልቅ ነገር ነው የጠየቀችሽ። «በላሁ» ላይ ያለው «-ሁ» ባለቤቱን ያሳያል። «ራበኝ» ላይ ያለው «-ኝ» ግን ተሳቢ ነው፤ «ጠራኝ»፣ «መታኝ» ላይ የምናገኘው ያው «-ኝ»። ራበኝ፣ ራበህ፣ ራበሽ፣ ራባት፣ ራበን እያልሽ ብታረቢው የሚለዋወጠው ተሳቢው ብቻ ነው። ግሱ ሁልጊዜ በ«እሱ» ይረባል፤ ያ «እሱ» ግን በስም አይጠራም። ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ደከመኝ፣ አመመኝ የዚሁ ወገን ናቸው። «ራሴን አመመኝ» ላይማ ተሳቢው ሁለት ነው፤ «ራሴን»ም «-ኝ»ም።

«ናፈቀኝ» ይመስላቸዋል እንጂ ከእነሱ አይደለም። «እናቴ ናፈቀችኝ»፣ «ልጆቹ ናፈቁኝ» ስለምንል ባለቤቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «አለኝ»ም እንደዚያው፤ ስለዚህ «ሁለት ልጆች አሉኝ» እንጂ «አለኝ» ተብሎ አይጻፍ።

ቀለም፦
እኔ የታዘብኩት፣ ነገሩ ሰው ላይ ሲመጣበት ሰውየው ተሳቢ፣ ሲወጣለት ደግሞ ባለቤት ይሆናል። ራበኝ፣ ግን ጠገብኩ። ጠማኝ፣ ግን ረካሁ። ደከመኝ፣ ግን አረፍኩ።

ግስ አርቢ፦
ጥሩ አስተውለሃል ወንድሜ፤ ግን «ተሻለኝ» እና «ደስ አለኝ» ሕጉን ያፈርሱብሃል። ለሚጽፍ ሰው ይበልጥ የሚጠቅመው አንዱ ግስ በሁለት መልክ ሲመጣ መለየት ነው። «ደከመኝ» ያለ ሰው ማረፍ ይፈልጋል፤ «ለዚህ ቤት ብዙ ደከምኩ» ያለ ግን ልፋቱን ነው የሚናገረው። «ጨነቀኝ» መላው የጠፋበት ሰው ቃል ነው፤ «ተጨነቅኩ» ውስጥ ማሰብና ማውጣት ማውረድ አለ።

«ራበኝ» እና «ተራብኩ»ም አንድ አይደሉም። ከትምህርት ቤት የመጣ ልጅ «ራበኝ» ይላል፤ «የተራበ ሕዝብ» ስንል ግን ድርቅና ችጋር ነው የሚታየን። ማቴዎስ 25፥35 ላይ «ተርቤ አብልታችሁኛልና» ይላል፣ «ርቦኝ» አይልም። ክብደቱ እዚያ ላይ ነው። ግእዙ ደግሞ «ርኅብኩ» ይላል፤ ባለቤቱ ተናጋሪው ራሱ ነው። የእህትሽ ልጅ «ራብኩ» ማለቷ በአማርኛ አያስኬድም እንጂ የግእዙ መንገድ እሱ ነበር።

ጠያቂ፦
ይህን ስነግራት እንዴት ደስ እንደሚላት! አንድ ልጨምር፦ «ልጁ ደክሞ ተኛ» ነው ወይስ «ደክሞት ተኛ»?

ግስ አርቢ፦
«ደክሞት» ብለሽ ጻፊ። «ደክሞ» ሲባል የለፋ ወይም አቅም ያነሰው ሰው ይመስላል። ዓረፍተ ነገሩ ሲረዝምና ባለቤቱ ከፊት ሲጠራ ነው ይህች «-ት» የምትዘነጋው። «ሐኪሟ ሌሊቱን ሙሉ ስትሠራ አድራ፣ ደክሟት ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰዳት» የሚለውን እዪው። «ሐኪሟ» ስላልን እጃችን «ደክማ» ወደማለት ይሄዳል። በንግግር ያልፋል፤ ለኅትመት የሚሄድ ጽሑፍ ላይ ካገኘሁት ግን አርሜው ነው የማልፈው።